ከበሮን ገልብጠው የሚያዩት መምህር፦ የሐብተ ማርያም አለኸኝ ሕይወት

መምህር ሐብተ ማርያም አለኸኝ ከአባታቸው ከመሪጌታ አለኸኝ ብሩና ከእናታቸው ከወይዘሮ የትነበርሽ ደስታ፣ በቀድሞው አጠራር በበጌምድርና ስሜን ጠቅላይ ግዛት፣ በወገራ አውራጃ፣ በአምባ ጊዮርጊስ ኅዳር 21 ቀን 1949 ዓ.ም. ተወለዱ። ዕለቱ ኅዳር ጽዮን ስለነበረ አባታቸው ስም ለማውጣት ብዙ አላሰቡም።

መሪጌታ አለኸኝ የአቋቋም መምህር ነበሩ። በበዓል ቀን ካህናት ከበሮ እየመቱ፣ ጸናጽልና መቋሚያ ይዘው የሚያሸበሽቡበትን የማኅሌት ሥርዓት ለደቀ መዛሙርት ያስተምራሉ። ስለዚህ በዚያ ቤት ከበሮ ሳይመታ የዋለበት ቀን ጥቂት ነው። ሕፃኑን ሐብተ ማርያምን በመጀመሪያ ያስጨነቃቸው ነገር፣ ክረምት ሲገባ የከበሮው ድምፅ ለምን እንደሚደክም ነበር። እናታቸውን ሲጠይቁ «ብርድ ይዞት ነው» አሏቸው። ቆዳው በእርጥበት እንደሚላላና ፀሐይ ሲያገኝ እንደሚወጠር ገና አልተረዱምና፣ የእናታቸውን ጋቢ ጎትተው አምጥተው ከበሮውን አለበሱት። ደቀ መዛሙርቱ ይህን ሲያወሩ ለብዙ ዘመን ይስቁ ነበር። መምህር ሐብተ ማርያም ግን ካደጉ በኋላም «የለበሰው ከበሮ ካልለበሰው ይልቅ ድምፁ ወፍሮ ነበር፤ የሳቃችሁት ሳትሰሙ ነው» ይሉ ነበር።

ፊደል ቆጥረው፣ ዳዊት ደግመው ከጨረሱ በኋላ በ1960 ዓ.ም. ጎንደር ከተማ ከአክስታቸው ዘንድ ተቀመጡ። ጠዋት በዘመናዊ ትምህርት ቤት ሒሳብና እንግሊዝኛ ይማራሉ፤ ከሰዓት በኋላ ከአቋቋም ጉባኤ ገብተው መረግድና ጽፋት የተባሉትን የከበሮ ምቶች ያጠናሉ። ገና በአሥራ ሦስት ዓመታቸው በበዓለ ንግሥ ከበሮ ተሸክመው ከትልልቆቹ መሐል ቆሙ። ከአምባ ጊዮርጊስ የመጡት አባታቸው ያን ዕለት አላመሰገኗቸውም። ወረቡ ሲጀመር ግን ከነበሩበት ተነሥተው ከልጃቸው አጠገብ ሄደው ቆሙ። መሪጌታን የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

በ1963 ዓ.ም. የመስቀል ደመራ ዕለት የጦር ሠራዊት ሙዚቀኞች ከተማው አደባባይ ላይ ተሰለፉ። ሰው ሁሉ የሚያብለጨልጨውን ጥሩምባ ሲያይ ሐብተ ማርያም አንዲት ጠፍጣፋ ከበሮ ላይ ዓይናቸው ተተከለ። ስትመታ እንደ ከበሮ ትጮኻለች፤ ከሥሯ ደግሞ አሸዋ በወንፊት ሲነፋ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ይከተላታል። ሰልፉ ሲበተን ወደ መቺው ወታደር ቀረቡ።

«አያ፣ ከሥሯ ምን አለ?»

ወታደሩ ከበሮዋን ገለበጠና በታችኛው ቆዳ ላይ የተወጠሩትን ቀጫጭን ሽቦዎች አሳያቸው።

«ሽቦው ባይኖርስ?»

ወታደሩ ከጎኗ ያለችውን ማላቀቂያ ሳብ አድርጎ መታት። አሸዋው ጠፋ፤ ድምፁ ደረቀ። መልሶ አጠበቀና ደግሞ መታት። ሐብተ ማርያም «አንድ ጊዜ ብቻ ድገምልኝ» እያሉ ሰውየውን ከምሳው አዘገዩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የትም ቦታ ከበሮ ሲያገኙ፣ ከመምታታቸው በፊት ገልብጠው ሥሩን ማየት ልማዳቸው ሆነ። ሰርግ ቤት በእንግድነት ተጠርተው እንኳ የባለቤቱን ከበሮ ገልብጠው ሲያዩ የሚያሳፍሯቸው ወዳጆች ብዙ ናቸው።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ትምህርታቸውን እንደጨረሱ በ1967 ዓ.ም. በክፍለ ሀገሩ የኪነት ቡድን ተቀጠሩ። ድራም የሚባለውን፣ አንድ ሰው በሁለት እጁና በሁለት እግሩ የሚጫወተውን የከበሮ ጥምር፣ በጥቂት ወራት ለመዱት። በበዓላት ግን እንደ ልማዳቸው ማኅሌት ይገቡ ነበር። በ1968 ዓ.ም. መስከረም 2 ቀን፣ የአብዮት በዓል ሲከበር፣ የኪነት ቡድኑ በጭነት መኪና ላይ ሆኖ እየተጫወተ ከተማውን ዞረ። ለቅዱስ ዮሐንስ በዓል ጎንደር መጥተው ያደሩት መሪጌታ አለኸኝ ልጃቸውን ከመኪናው ላይ አዩዋቸው። ከልጃቸው አክስት ቤት ተቀምጠው ጠበቋቸው።

«ይህ እጅ ትናንት የት ነበር?» አሏቸው።

«ማኅሌት፣ አባቴ።»

«ዛሬስ?»

ሐብተ ማርያም እጃቸውን ወደ ኋላ ደበቁ።

«ለሁለቱ አንድ እጅ አይበቃም። የወደድኸውን ያዝ። የማኅሌቱን ከበሮ ግን ከእንግዲህ አትንካብኝ።»

መምህር ሐብተ ማርያም አልተከራከሩም፤ ሙዚቃውንም አላቋረጡም። አባትና ልጅ መጠያየቁን አልተዉም፤ ሲገናኙ ጉልበት ይሳማል፣ እህልም አብረው ይቀምሳሉ። ስለ ከበሮ ግን በመካከላቸው ቃል አይነሣም። መምህር ሐብተ ማርያም በእነዚያ ዓመታት በዓል በመጣ ቁጥር ከምእመናን መሐል ቆመው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ማኅሌቱን ያዳምጡ ነበር። ለምን እንዲህ እንደሚቆሙ ሲጠየቁ «ወደ ፊት ከሆነ ይመታል» ይሉ ነበር።

በ1970 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ሄደው ሙዚቃ በመደበኛ ትምህርት አጠኑ። በመዳፍ የሚመታውን ኮንጋ፣ ትልቁን የኦርኬስትራ ከበሮ ቲምፓኒና የኖታ ንባብ የተማሩት እዚያ ነው። ቡልጋሪያዊው መምህራቸው በእግር እየተረገጠ የሚወጠረውን ቲምፓኒ ሲያሳዩዋቸው «ይህ በክረምትም ይሠራል?» ብለው ጠየቁ። መምህሩ ጥያቄው አልገባቸውም ነበር። ከተረዱት በኋላ ግን ከአምባ ጊዮርጊስ የመጣው ተማሪ ክፍል ውስጥ የከበሮ ቆዳ ከፀሐይና ከእርጥበት ጋር ስላለው ጠባይ ለጓደኞቹ እንዲያስረዳ አደረጉት። መምህር ሐብተ ማርያም ሰው ፊት ቆመው ያስተማሩት ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ዕለት ነበር። ማስተማር እንደ መምታት ደስ እንደሚል ያወቁትም ያኔ እንደሆነ ይናገሩ ነበር።

በ1974 ዓ.ም. በዲፕሎማ ተመርቀው ወደ ጎንደር ተመለሱና በሙዚቃ መምህርነት ሥራ ጀመሩ። በ1978 ዓ.ም. የጂኦግራፊ መምህርት ከነበሩት ከወይዘሮ እስከዳር መኮንን ጋር ጋብቻ መሥርተው መዝሙርና ቤዛዊት የተባሉ ልጆችን አፈሩ። ትዳራቸው ሰላማዊ ቢሆንም ጸጥ ያለ ግን አልነበረም። ማንኪያው፣ ሰፌዱ፣ የበሩ መዝጊያ፣ ሁሉም ይፈተሽ ነበር።

በእረፍት ጊዜያቸው የማያውቁትን ምት ፍለጋ መሄድ ይወዱ ነበር። አንድ ጊዜ ጭልጋ ውስጥ ከአንድ የቅማንት ቤተሰብ ሰርግ ታደሙ። አስናቀች የሚባሉ በዕድሜ የገፉ ሴት ከበሮ ይመታሉ። መምህር ሐብተ ማርያም ቢያዳምጡ፣ ምቱ እርሳቸው ከሚጠብቁት ቦታ ትንሽ ዘግይቶ ያርፋል። ጭፈራው ጋብ ሲል ቀርበው «እናቴ፣ ምነው እዚህ ላይ ይዘገያሉ?» ብለው ጠየቁ።

«እኔ አልዘገየሁም ልጄ፤ አንተ ነህ የቸኮልኸው» አሏቸው ወይዘሮ አስናቀች። «በል ከበሮውን ተውና ከልጆቹ ጋር ጨፍር።»

መምህር ሐብተ ማርያም ላብ እስኪያጠምቃቸው ጨፈሩ። ምቱ የሚያርፈው እግር መሬት ሲነካ ሳይሆን ትከሻ ሲመለስ መሆኑን በገዛ ትከሻቸው አወቁት። ጎንደር ተመልሰው ለተማሪዎቻቸው ያሉት «እስካሁን ያስተማርኋችሁ ቁጭ ብላችሁ ነበር፤ ከነገ ጀምሮ ቆማችሁ ትማራላችሁ» ነው።

በአዲስ ዓለም ሰፈር የጨርቅ ነጋዴ ከነበሩት ከሐጅ ኡዘይር ጋር የተወዳጁትም በዚሁ ጠባያቸው ነው። ሱቃቸው ጨርቅ ሊገዙ ገብተው፣ ከጓሮ የመንዙማ ከበሮ የሆነውን ድቤ ሰምተው ሊገዙ የመጡትን ረስተው ቆሙ። ሐጅ ኡዘይር «መምህር፣ ለጆሮህ ነው ወይስ ለልብህ የምትሰማው?» ቢሏቸው «ገና አልለየሁትም» አሉ። ሐጅም «እንግዲያው ጫማህን አውልቅና እስክትለይ ተቀመጥ» አሏቸው። ሐጅ እስኪያልፉ ድረስ ወዳጅነታቸው አልተቋረጠም።

የኪነት ቡድኖች ከፈረሱ በኋላ መምህር ሐብተ ማርያም ቅዳሜና እሑድ ከሆቴል ባንዶች ጋር ድራምና ኮንጋ ይጫወቱ ነበር። የባህል ቡድን ሲጠራቸው አታሞ ይዘው ይሄዳሉ። በምን እንደሚበልጡ ለጠየቃቸው ሰው «ባለፈው ሳምንት በጀመርሁት» የሚል መልስ ነበራቸው።

በሕይወታቸው ትልቁን ነገር ያስተማረቻቸው ግን ተማሪያቸው ነበረች። በ1991 ዓ.ም. አዘዞ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት ሲያስተምሩ ጽጌሬዳ የምትባል ልጅ ክፍላቸው ገባች። በሕፃንነቷ ማጅራት ገትር ይዟት መስማት አቁማ ነበር። ከኋላ ወንበር ትቀመጣለች፤ በሙዚቃ ክፍለ ጊዜ ማንም ምንም አይጠይቃትም። አንድ ቀን ተማሪዎቹ ጠረጴዛ እየመቱ ሲለማመዱ መምህር ሐብተ ማርያም ወደ ኋላ ዞሩ። ጽጌሬዳ ዓይኗን መስኮት ላይ ጥላ፣ በመዳፏ ጠረጴዛዋን ከክፍሉ ጋር እኩል እየመታች ነበር። ማንንም አታይም። ምቱን ለወጡት፤ እርሷም ለወጠች።

በማግስቱ ከበሮ ይዘው መጡና በመሰብሰቢያው የሳንቃ መድረክ ላይ አስቀመጡት። ጫማዋን እንድታወልቅ በምልክት ነገሯት። የከበሮውን ሰፊ ፊት ሲመቱ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። ጠባቡን ሲመቱ ጉሮሮዋን ያዘች። ከጀርባዋ ሆነው ቢመቱም አልተሳሳተችም። መምህር ሐብተ ማርያም ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ ጆሯቸውን በጥጥ ደፍነው፣ ባዶ እግራቸውን ሳንቃ ላይ ቆመው፣ አንዳንዴም ተጋድመው ሌላ ሰው እንዲመታላቸው ያደርጉ ነበር። ባልደረቦቻቸው ሳቁባቸው። ወይዘሮ እስከዳር አቧራ የለበሰውን ኮታቸውን እያራገፉ «ዛሬስ ወለሉ ምን ነገረህ?» ይሏቸው ነበር።

ጽጌሬዳን ለወላጆች ቀን ከበሮ እንድትመታ ሲያዘጋጇት እናቷ ከገበያ በቀጥታ መጡ።

«ምነው መምህር፣ ያለባት አይበቃትም? ሰው እንዲስቅባት ነው የሚያቆሟት?»

«እስቲ ጫማዎን አውልቀው እዚህ ይቁሙ» አሏቸው መምህሩ።

እናት ሳንቃው ላይ ቆሙ፤ ልጃቸው መታች። ሲያበቃ ዘንቢላቸውን ካስቀመጡበት አንሥተው ሄዱ፤ በወላጆች ቀን ግን ዘመድ ሁሉ አስከትለው ከፊት ወንበር ተቀመጡ። ርዕሰ መምህሩ በበኩላቸው «እንግዶች አሉብን፤ ብትሳሳትስ?» ብለው ነበር። መምህር ሐብተ ማርያምም «የምትሳሳተውን አብረን እንይ» ብለው አሳመኗቸው።

ያን ቀን መዝሙሩ ከተጀመረ በኋላ ድምፅ ማጉያው ክፉኛ ይጮህ ጀመር። የሚሰሙት ልጆች ጆሯቸውን ያዙ፤ ገሚሱ ቀደመ፣ ገሚሱ ቆመ። ጽጌሬዳ ማጉያው መጮሁን አላወቀችም። ሳንቃው የነገራትን እየመታች ቀጠለች። ልጆቹም አንድ በአንድ ዓይናቸውን ወደ እጇ መልሰው፣ ምቷን ተከትለው መዝሙሩን አንድ ላይ ጨረሱት። መምህር ሐብተ ማርያም ከመድረኩ ጎን ቆመው ነበር። ሰው ሲያጨበጭብ አላጨበጨቡም፤ እግራቸው ሥር ያለውን ወለል ይመለከቱ ነበር ይላሉ ያዩዋቸው።

በ1996 ዓ.ም. ከአምባ ጊዮርጊስ መልእክት መጣ። የመሪጌታ አለኸኝ ጆሮ ከደከመ ከርሞ ነበር፤ አሁን ግን ጨርሶ ተዘጋ። ወይዘሮ የትነበርሽ ልጃቸውን ሲያገኙ «አባትህ ማኅሌት አልገባም አሉ» አሏቸው። «ምነው ብላቸው፣ ባዶ ቤት ገብቼ ምን ላድርግ ይሉኛል። ደቀ መዛሙርቱንም አሰናበቱ።»

መምህር ሐብተ ማርያም አባታቸውን ከግድግዳ ፊት ለፊት ተቀምጠው አገኟቸው። ጉልበት ሳሙ፤ አጠገባቸው ተቀመጡ። ምን ማድረግ እንዳለባቸው ከጽጌሬዳ ተምረዋል፤ የሚያደርጉበት ከበሮ ግን እንዳይነኩት የተከለከሉት ነው። በቃል ፈቃድ እንዳይጠይቁ አባት አይሰሙም። ብዙ ካሰቡ በኋላ ማስተማሪያውን ከበሮ ለጎረቤት ልጅ አሸክመው አስመጡና በአባታቸው ፊት አስቀመጡት። ከዚያም እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆመው ጠበቁ።

መሪጌታ ከበሮውን አዩ፤ ልጃቸውን አዩ። በመጨረሻ «ምታ» አሏቸው።

መምህር ሐብተ ማርያም የአባታቸውን አንድ መዳፍ በከበሮው ገላ ላይ አኖሩና ቀስ ብለው ጀመሩ። ሽማግሌው መጀመሪያ ልጃቸውን ለማስደሰት የተቀመጡ ይመስሉ ነበር። ጥቂት ቆይተው ጎንበስ አሉና ደረታቸውን ከከበሮው አስጠጉ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ድምፃቸው ወጣ፤ ዜማው እንደ ድሮው ባይሆንም ከምቱ ጋር አንድም ቦታ አልተላለፈም። ወይዘሮ የትነበርሽ ከደጅ ሮጠው ገቡ። ወረቡ ሲያልቅ መሪጌታ አለኸኝ ቀና ብለው «ጠባቡን ፊት አበዛህበት» አሉ። «ድገመው።»

ደገሙት። ከዚያ በኋላ በነበረው የጊዮርጊስ በዓል መሪጌታ አለኸኝ ማኅሌት ገብተው፣ ጉልበታቸውን ከከበሮው ጋር አነካክተው ተቀመጡ። መቺው ልጃቸው ነበሩ። ሲወጡ «ከእንግዲህ እጅህን ወደ ኋላ አታጣምር» አሏቸው። መሪጌታ በ1999 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ መምህር ሐብተ ማርያም በዓል በመጣ ቁጥር ወደ አምባ ጊዮርጊስ ይወጡ ነበር። የተሰናበቱት ደቀ መዛሙርትም ተመልሰው፣ በመዳፍ የሚያዳምጡ መምህር ዘንድ ትምህርታቸውን ጨረሱ።

በ2009 ዓ.ም. ጡረታ ከወጡ በኋላ ማራኪ በሚገኘው ግቢያቸው የሳንቃ ወለል አሠርተው ለሚሰሙም ለማይሰሙም ልጆች ማስተማር ጀመሩ። ትምህርት ቤቶች በተዘጉባቸው ወራት ያ ግቢ ሞልቶ የሚውልበት ጊዜ ብዙ ነበር። ዛሬ መስማት የተሳናቸው ተማሪዎች መምህርት የሆነችው ጽጌሬዳ ከጎናቸው ታስተምር ነበር።

በ2013 ዓ.ም. ግራ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሐኪሞችም የፓርኪንሰን ሕመም መሆኑን ነገሯቸው። ቤተሰቡ ደነገጠ። መምህር ሐብተ ማርያም ግን እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ያዳምጡት ጀመር። «ሐኪም፣ ስተኛ የሚቆመው ለምንድን ነው? ከበሮ ስይዝስ ለምን ይረጋል?» ብለው ጠየቁ። ሐኪሙ የሚታወቀውን አስረድተው፣ የቀረውን ሳይንሱ ገና እንዳልደረሰበት ሲነግሯቸው «እንግዲያው የሚጠና ነገር አለ» ብለው ደስ ብሏቸው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ሕመሙ እየበረታ ሄዶ ከበሮ ባስጣላቸው ጊዜም ወንበራቸውን ሳንቃው ላይ አስደርገው፣ ባዶ እግራቸውን ሆነው የተማሪዎቻቸውን ስሕተት ያርሙ ነበር።

በዚህ ዓመት በጥቅምት መግቢያ የሳንባ ምች ታክሎባቸው ሆስፒታል ገቡ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ አዋላጅ ነርስ የሆነችውን ልጃቸውን ቤዛዊትን አልጋቸው አጠገብ አስቀምጠው «በማኅፀን ያለ ልጅ ልቡ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትመታ ማን አስጀመራት?» ብለው ጠየቋት። ቤዛዊት የተማረችውን ሁሉ ነገረቻቸው። እርሳቸው ግን «ከዚያ በፊትስ?» አሉ። ደግማ አስረዳች፤ ደግመው «ከዚያስ በፊት?» አሉ። በመጨረሻ «አባቴ፣ ከዚህ ወዲያ አላውቅም» ስትላቸው ሳቁ። «እኔም አላውቅም። እንዴት ደስ ይላል» አሏት።

መምህር ሐብተ ማርያም አለኸኝ ጥቅምት 19 ቀን 2018 ዓ.ም. በ68 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ባለቤታቸውን ወይዘሮ እስከዳር መኮንንን፣ ልጆቻቸውን መዝሙርንና ቤዛዊትን፣ የልጅ ልጆቻቸውን፣ እኅታቸውን ወይዘሮ ፅዮን አለኸኝንና ከወገራ እስከ ጭልጋ፣ ከአዘዞ እስከ ማራኪ ያስተማሯቸውን ተማሪዎች ትተዋል። በሕመማቸው ወራት ከአጠገባቸው ላልጠፉት የሐጅ ኡዘይር ልጆች ለያሕያና ለሰኪና፣ ላስታመሟቸው የጤና ባለሙያዎች፣ እንዲሁም ሩቅ ቅርብ ሳይሉ ለቀብራቸው ለመጡ ሁሉ ቤተሰባቸው ምስጋናውን ያቀርባል።

እግዚአብሔር ለወይዘሮ እስከዳር፣ ለልጆቻቸውና ለወዳጆቻቸው ሁሉ መጽናናትን ይስጥ። የመምህር ሐብተ ማርያምን ነፍስ በብርሃን ቤት ያሳርፍ። በዚህ ዓለም ጠይቀው መልሱን ሳያገኙ የሄዱትን ሁሉ፣ ማስረዳት የማይታክተው እርሱ ከአጠገቡ አስቀምጦ ያስረዳቸው። አሜን።